ሊዮናርዶ ዳ ቪንቺን ከልጆች ጋር ማስተዋወቅ፦ ሞናሊዛ ትቆይ፣ ከደብተሩ እንጀምር

ልጆችን ከሊዮናርዶ ዳ ቪንቺ ጋር እናስተዋውቅ ሲባል ብዙ ሰው የሚሮጠው ወደ ሞናሊዛ ነው። ምስሏ ከኢንተርኔት ይወርዳል፣ ይታተማል፣ ልጁ ቀለም ይቀባታል፣ በቃ። በሳምንቱ ስለ ሊዮናርዶ ብትጠይቁት "ሴትዮዋን የሳላት ሰውዬ" ከማለት አያልፍም። አይፈረድበትም። ለስምንት ዓመት ልጅ ሞናሊዛ እጇን አጣጥፋ የተቀመጠች ሴትዮ ናት።

ሌላ በር አለ። ሊዮናርዶ ሳላቸው ተብለው በእርግጠኝነት የሚቆጠሩት ሥዕሎች ሃያ አይሞሉም። ከደብተሮቹ ግን ወደ 7,000 የሚጠጉ ገጾች ተርፈዋል። እዚያ ውስጥ የምናገኘው ሰው ጥያቄው የማያልቅ ልጅ ይመስላል። ሰማይ ለምን ሰማያዊ ሆነ ይላል። የግንደ ቆርቁርን ምላስ ግለጽ ብሎ ለራሱ ማስታወሻ ይጽፋል። ፈረስ ሲስል ይቆይና እዚያው ወረቀት ላይ ስለ ውኃ ማሰብ ይጀምራል። ልጆች ይህን ሰውዬ ቶሎ ይለምዱታል፤ የእነሱም ደብተር እንደዚያው ነዋ።

ከዚህ በታች ያለው ከ6 እስከ 12 ዓመት ላሉ ልጆች ይሆናል። በአንድ ቁጭታ አይጨረስም፤ ለእያንዳንዱ ክፍል አንድ የቅዳሜ ከሰዓት መድቡለት። ቅደም ተከተሉን ባታዛንፉት ይሻላል፦ መጀመሪያ ደብተር፣ ከዚያ ማየት፣ ከዚያ መሥራት፣ ታዋቂዎቹ ሥዕሎች መጨረሻ። ዓመቶቹን ሁሉ የጻፍኩት በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

ምን ይዘጋጅ

ውድ ዕቃ አያስፈልግም። ነጭ ኤ4 ወረቀት፣ እርሳስ፣ ላጲስ፣ ማስመሪያ፣ መርፌና ወፍራም ክር፣ ትንሽ የፊት መስታወት፣ ከሰል፣ ጥጥ፣ አንድ እሽግ የአይስክሬም እንጨት፣ አንድ ፌስታል። ከሰሉ ከምድጃ የተለቀመ ቢሆንም ይሠራል፤ ቀጭንና ለስላሳውን ምረጡ። ልብስ ስለሚያበላሽ አሮጌ ቲሸርት አልብሷቸው። የሞናሊዛንና የመጨረሻውን እራት ምስል በቀለም ካሳተማችሁ ጥሩ ነው። ስልክ ላይ ማሳየትም ይቻላል፤ ለአንዱ ልምምድ ግን ወረቀት ላይ የታተመ የግድ ነው።

አንደኛ፦ ታሪኩን አሳጥራችሁ ንገሯቸው

አሥር ደቂቃ ይበቃል። ሊዮናርዶ ኤፕሪል 15 ቀን 1452 በጣሊያን፣ በቱስካኒ ምድር፣ ቪንቺ በምትባል ትንሽ ከተማ አካባቢ ተወለደ። አባቱ ውል የሚያዋውል ጸሐፊ ነበር፤ እናቱ ካተሪና ትባላለች። ሁለቱ አልተጋቡም። ይህን ለልጆች መደበቅ አያስፈልግም። በዚያ ዘመን ከጋብቻ ውጭ የተወለደ ልጅ ብዙ በር ይዘጋበት ነበር በሏቸው። ሊዮናርዶም የተማሩ ሰዎች ቋንቋ የነበረውን ላቲን በልጅነቱ በወጉ አልተማረም። ከመጽሐፍ ይልቅ ዓይኑን ማመን የለመደው ከዚህ የተነሳ ይሆናል።

ጎረምሳ ሳለ ፍሎረንስ ውስጥ አንድሬያ ዴል ቬሮኪዮ ከሚባል ሠዓሊና ቀራጺ ዘንድ በተለማማጅነት ገባ። እዚያ ልጆች ቀለም ይፈጫሉ፣ ይጠርጋሉ፣ ብሩሽ ያጥባሉ፤ እያደር ደግሞ የጌታቸው ሥዕል ጥግ ላይ አንድ ነገር እንዲስሉ ይፈቀድላቸዋል። ሊዮናርዶ የክርስቶስን ጥምቀት በሚያሳየው የቬሮኪዮ ሥዕል ላይ አንድ መልአክ ሳለ። ጌታው መልአኩን አይቶ ከዚያ ወዲያ ብሩሽ አልነካም ይባላል። ተረት ሳይሆን አይቀርም፤ ልጆች ግን ይወዱታል።

የእኔ ምርጫ ግን የማመልከቻው ታሪክ ነው። ወደ 30 ዓመቱ ላይ ሊዮናርዶ ለሚላኑ ገዥ ለሉዶቪኮ ስፎርዛ ሥራ የሚጠይቅ ደብዳቤ አዘጋጀ። ተንቀሳቃሽ ድልድይ እሠራለሁ፣ መድፍ እሠራለሁ፣ ሽፋን ያለው የጦር ሠረገላ እሠራለሁ እያለ በቁጥር ይዘረዝራል። መጨረሻ ላይ፣ እግረ መንገዱን ያህል፣ ሥዕልም እችላለሁ ይላል። ልጆቹን "አንተ ብትሆን ምን ብለህ ትጽፍ ነበር?" ብላችሁ ጠይቁ። የሚመጣውን ዝርዝር ጻፉላቸው፤ ደብተራቸው ሲሰፋ የመጀመሪያው ገጽ ላይ ይገባል።

"ያኔ እኛስ የት ነበርን?" የሚል ልጅ አይጠፋም። ጥሩ ጥያቄ ነው፣ መልስም አለው። ሊዮናርዶ ከመወለዱ 11 ዓመት በፊት፣ በ1441፣ ከኢየሩሳሌም የተነሱ ኢትዮጵያውያን መነኮሳት ለቤተ ክርስቲያን ጉባኤ ፍሎረንስ ገብተው ነበር። ሊዮናርዶ በሕይወት ሳለ ደግሞ ኒኮሎ ብራንካሊዮን የተባለ የቬኒስ ሠዓሊ ኢትዮጵያ መጥቶ እዚያው ለረጅም ዘመን ሥሏል። መንገዱ ሩቅ ቢሆንም ክፍት ነበር።

ሁለተኛ፦ ደብተር መስፋት

ሊዮናርዶ ለወጣት ሠዓሊዎች ከሰጣቸው ምክሮች አንዱ ትንሽ ደብተር ከእጃችሁ አይለይ የሚል ነው። ሰው ሲጨቃጨቅ፣ ሲስቅ፣ ሲደባደብ ባያችሁ ጊዜ በፍጥነት ንደፉ ይላል። የተገዛ ደብተር ይሠራል፤ ልጁ ራሱ የሰፋው ግን የሚከበር ደብተር ይሆናል።

ስምንት ኤ4 ወረቀት ደርድራችሁ እኩል ለሁለት እጠፉ። 32 ገጽ ይወጣዋል። ከላዩ ወፍራም ወረቀት ወይም የብስኩት ካርቶን እንደ ልባስ አልብሱት። እጥፋቱ ላይ ሦስት ቀዳዳ በወስፌ ብሱ፦ አንድ መሐል፣ አንድ ከላይ፣ አንድ ከታች። ይህን አዋቂ ይሥራው። ክሩን ከውስጥ በኩል በመሐለኛው ቀዳዳ ወደ ውጭ አውጡ፣ በላይኛው ወደ ውስጥ አስገቡ፣ ከውስጥ በቀጥታ ወደ ታችኛው ወስዳችሁ ወደ ውጭ አውጡ፣ ከዚያ እንደገና በመሐለኛው ወደ ውስጥ መልሱት። አሁን ሁለቱ የክር ጫፎች ውስጥ ተገናኝተዋል። ረጅሙን ክር መሐላቸው አድርጋችሁ ቋጥሯቸው። አለቀ።

ወረቀቱን በሻይ ነክሮ አሮጌ ማስመሰል ፋሽን ነው። ልጆች ስለሚደሰቱበት አልከለክልም፤ ወረቀቱ ግን ይጨማደዳል፣ እርሳስም እንደ ልብ አይሄድበትም። የሊዮናርዶም ወረቀት በእሱ ዘመን አዲስ ነበር።

ሦስተኛ፦ በግልባጭ መጻፍ

ሊዮናርዶ ግራኝ ነበር። ማስታወሻዎቹን የሚጽፈው ከቀኝ ወደ ግራ ነው፤ ፊደሎቹም የተገለበጡ ናቸው፣ መስታወት ውስጥ ሲታዩ ይቀናሉ። ሚስጥር ለመደበቅ ነው የሚለው ወሬ ለልጅ ይጥማል። ቀላሉ ምክንያት ግን ቀለሙ ነው፦ በግራ እጁ ከግራ ወደ ቀኝ የሚጽፍ ሰው ያልደረቀውን ቀለም በእጁ ይጠርገዋል። ልጆቹ ራሳቸው ይሞክሩት። በውኃ ቀለምና በብሩሽ በግራ እጃቸው ስማቸውን ይጻፉ፤ ከዚያ መዳፋቸውን ይዩ።

ቀጥሎ ግልባጩ ይመጣል። ፊደላችን ለዚህ ጨዋታ የተመቸ ነው። "በ"፣ "ተ"፣ "ቀ" እና "ሠ" መስታወት ውስጥ ብዙም አይለወጡም። "ቡ" ላይ ግን ከቀኝ ጎኗ የወጣችው ጭረት ወደ ግራ ትሄዳለች፣ ልጁም እዚህ ላይ ግራ ይጋባል። በመጀመሪያ ስሙን በትልቁ ይጻፍ፤ ወረቀቱን ገልብጦ መስኮት ላይ ይለጥፈውና በጀርባው የሚታየውን ይቅዳ። እንዲህ አንዴ ካየው በኋላ ሳያይ ይሞክር። አንድ ዓረፍተ ነገር ጽፎ ለወንድሙ ወይም ለእህቱ ከመስታወት ጋር ይስጥ።

ቤታችሁ ግራኝ ልጅ ካለ ይህች ቀን የእሱ ናት። "በቀኝህ ጻፍ" ሲባል የኖረ ልጅ፣ ሁሉም የሚያደንቀው ሰውዬ እንደ እሱ በግራው ይስል እንደነበር ሲሰማ ፊቱን ተመልከቱት።

አራተኛ፦ ዓይንን ማሠራት

ይህን ክፍል አትዝለሉት። ከሌሎቹ ሁሉ ቢቀነስ ይሄ አይቀነስም።

በግድግዳው ጀምሩ። ሊዮናርዶ እርጥበት ያበላሸውን ግድግዳ ትኩር ብላችሁ እዩ፣ ተራራ፣ ወንዝ፣ የጦር ሜዳ፣ እንግዳ ፊት ታገኙበታላችሁ ይላል። ዝናብ ያበላሸው ግድግዳ ደግሞ በየሰፈሩ ሞልቷል። ልጆቹን ፊት ለፊቱ አቁሟቸው። የመጀመሪያው ደቂቃ ላይ "ምንም የለም" ይላሉ። ዝም በሏቸው። ትንሽ ቆይቶ አንዱ ውሻ ያያል፣ ሌላው የውሻውን ጆሮ ያርማል፣ ከዚያ ማቆሚያ የለውም። ያዩትን ቅርጽ ብቻ ወደ ደብተራቸው ይውሰዱ። ግድግዳ ከሌለ ትንሽ የቡና አተላ ወረቀት ላይ አፍስሱና ይድረቅ፤ ይሠራል።

ሁለተኛው ልምምድ ውኃና ፀጉር ነው። ሊዮናርዶ ዕድሜ ልኩን ውኃ ሥሏል። በአንድ ገጽ ላይ የውኃ አዙሪት ይስልና ከጎኑ የውኃ እንቅስቃሴ ፀጉርን ይመስላል ብሎ ይጽፋል፤ ፀጉር በክብደቱ ወደ ታች ይወርዳል፣ እየተጠቀለለም ይዞራል፣ ውኃም እንዲሁ ሁለት ጉዞ አለው ይላል። ሌላ ቦታ ደግሞ የአንዲት ሴት ሹሩባ ከፊትም ከጎንም ከጀርባም የተሳለበት ሥራው አለ። ሌዳ የምትባለውን የግሪክ ተረት ሴት ለሚያሳየው ሥዕሉ ያዘጋጀው ንድፍ ነው።

እናንተም እንዲህ አድርጉ። ሳፋ ውስጥ ውኃ ሙሉና ትንሽ ደረቅ የሻይ ቅጠል በትኑበት። ሊዮናርዶም የውኃን ጉዞ ለማየት የሣር ፍሬ ይጠቀም ነበር። አንዱ ልጅ ማንኪያ ቀጥ አድርጎ ውኃው ውስጥ ይዞ ቀስ እያለ ይጎትት። ከማንኪያው ኋላ በግራና በቀኝ ትንንሽ አዙሪቶች ይፈጠራሉ። ሌሎቹ ቅጠሉ የሄደበትን መንገድ በመስመር ይከተሉ። አንዴ አይበቃም፤ ደጋግሙት።

ከዚያ ሹሩባ የተሠራች እህት፣ እናት ወይም ጎረቤት ካለች ጀርባዋን አዙራ ትቀመጥላቸው። ልጆች ሹሩባ ሳሉ ሲባሉ በመጀመሪያ የሚስሉት ረድፍ ረድፍ መስመር ነው። "እስቲ አንዷን ጉንጉን ብቻ ተከተል" በሉት። ከግንባር ተነስታ የት ታጥፋለች? የትኛዋ በየትኛዋ ላይ ታልፋለች? ማጅራት ላይ ስትደርስ ትቀጥናለች ወይስ ትወፍራለች? በሁለት ጉንጉኖች መካከል የሚታየው ቆዳ ነጭ መስመር ነው ወይስ የራሱ ጥላ አለው? አንዷን ጉንጉን በደንብ የሳለ ልጅ ጭንቅላቱን በሙሉ በችኮላ ከሳለው የበለጠ አይቷል። ሲጨርስ የውኃውን ሥዕል ከጎኑ አስቀምጡለት። ምንም አትናገሩ፤ መመሳሰሉን ራሱ ያግኘው።

አንድ ነገር አደራ፦ እርሳሱን ከእጁ ወስዳችሁ አታስተካክሉለት። ሥዕሉ ጠማማ ቢሆን ጠማማ ይሁን።

አምስተኛ፦ ያለ ሚስማር የሚቆም ድልድይ

ሊዮናርዶ በደብተሮቹ ውስጥ ወታደሮች በየቦታው ከሚገኝ እንጨት በፍጥነት የሚያቆሟቸውን ድልድዮች ነድፏል። አንደኛው ሚስማርም ገመድም አይፈልግም፤ እንጨቶቹ እርስ በርስ ተቆላልፈው ይቆማሉ። ክብደት ሲያርፍበት ይበልጥ ይጠብቃል። የአይስክሬም እንጨት ለመማሪያ ይሆናል፤ ወደ 20 ሳንቲ ሜትር የሚረዝም ሻካራ እንጨት ካገኛችሁ ግን ቅስቱ በደንብ ይወጣል። ማዕዘን ያለው እርሳስም ይሠራል፣ ክቡ ይንሸራተታል። ምንጣፍ ላይ ሥሩ።

1. ሁለት እንጨት ጎን ለጎን፣ ሦስት ጣት ያህል አራርቃችሁ አስተኙ። እነዚህ ወደ ድልድዩ ርዝመት የሚሄዱ ናቸው፤ ቁመኞች እንበላቸው።
2. አንድ እንጨት በሁለቱም መሐል ላይ አግድም ከላይ አስቀምጡ። ይህ የመጀመሪያው አግዳሚ ነው።
3. ሌሎች ሁለት ቁመኞች አምጡ። የግራ ጫፋቸው አግዳሚው ላይ ይረፍ፣ ቀሪው ወደ ቀኝ ይዘርጋ። ከመጀመሪያዎቹ በውጭ በኩል ይቀመጡ።
4. አሁን ዋናው ቁልፍ ይመጣል። የመጀመሪያዎቹን ቁመኞች የቀኝ ጫፍ በትንሹ ከፍ አድርጉ። ሁለተኛውን አግዳሚ ከእነዚህ ጫፎች ሥር፣ ከአዲሶቹ ቁመኞች መሐል ግን በላይ አድርጋችሁ አሾልኩት። ልቀቁት። ስድስቱ እንጨቶች ተያይዘዋል።
5. ለመቀጠል ሁለት ቁመኞች ጨምሩ፤ የግራ ጫፋቸው የመጨረሻው አግዳሚ ላይ ይረፍ፣ አሰላለፋቸው እንደ መጀመሪያዎቹ ወደ ውስጥ ይሁን። ከዚያ የቀደሙትን የቀኝ ጫፍ አንስታችሁ አዲስ አግዳሚ እንደ በፊቱ አሾልኩ።
6. በእያንዳንዱ ዙር ሦስት እንጨት ይጨመራል። እያደገ ሲሄድ መሐሉ ከመሬት ይነሳል። አንድ ልጅ ይደግፍ፣ አንዱ ያሾልክ።

ደንቡ አጭር ነው፤ ልጆቹ በቃላቸው ይያዙት፦ አግዳሚ ሁልጊዜ በአንዱ ጥንድ መሐል ላይ፣ በሌላው ጥንድ ጫፍ ሥር። ድልድዩ ከፈረሰ አንዱ አግዳሚ ቦታውን ስቷል ማለት ነው። የቱ እንደሆነ ልጆቹ ይፈልጉ። መፍረሱ አይቀርም፣ ሲፈርስም ይስቃሉ። ከቆመ በኋላ መሐሉ ላይ ቀስ ብላችሁ መጽሐፍ አስቀምጡ፣ ከዚያ ሌላ ጨምሩ። ስንት መጽሐፍ እንደቻለ በደብተሩ ይመዝገብ፤ ድልድዩም ከፊትና ከጎን ይሳል። የፈጠራ ሥዕል ማለት ለሊዮናርዶ ይህ ነበር፤ ሌላ ሰው አይቶት ሊሠራው እንዲችል መሳል።

እግረ መንገዳችሁን የኢስታንቡሉን ታሪክ ንገሯቸው። በ1502 ሊዮናርዶ ለኦቶማኑ ሱልጣን ለዳግማዊ ባያዚድ ወርቃማ ቀንድ በሚባለው የባሕር ወሽመጥ ላይ የሚዘረጋ የድንጋይ ድልድይ ነድፎ ነበር። በአንድ ቅስት ወደ 240 ሜትር የሚዘል፣ በዚያ ዘመን ተሰምቶ የማያውቅ ርዝመት። ድልድዩ አልተሠራም። በ2019 ግን የአሜሪካው ኤም አይ ቲ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ትንሽ ሞዴል ሠርተው ሲፈትኑት ያለ ማጣበቂያ ቆሟል። ከአምስት መቶ ዓመት በኋላ ፈተና ማለፍ ማለት ይሄ ነው።

ስድስተኛ፦ ከላይ መውደቅ

አጭር ክፍል ነው፣ ግን ልጆቹ ዓመቱን ሙሉ የሚያወሩት ይህንን ይሆናል። ሊዮናርዶ ፒራሚድ የሚመስል ፓራሹት ነድፏል። ከፌስታል አራት እኩል ሦስት ማዕዘን ቁረጡ፣ ጎን ለጎን በፕላስተር አያይዟቸው፣ ከታች አራቱን ጠርዝ በአራት የአይስክሬም እንጨት ወጥሩት። ከአራቱ ማዕዘን እኩል ርዝመት ያለው ክር አውርዱና ጫፉ ላይ ጠጠር ወይም ትንሽ አሻንጉሊት እሰሩ። ከወንበር ላይ ይለቀቅ። ከበረንዳ ከሆነ አዋቂ ይልቀቀው።

በ2000 አድሪያን ኒኮላስ የተባለ እንግሊዛዊ ይህንኑ ንድፍ ከሸራና ከእንጨት ሠርቶ ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ከሰማይ ወርዶበታል። ዕቃው ከባድ ስለነበረ መሬት ሲቃረብ ቆርጦት በዘመናዊ ፓራሹት ነው ያረፈው። ይህችን አትዝለሏት፤ ንድፍ ሠራ ማለት ሁሉ ነገር ተሟላ ማለት እንዳልሆነ ልጆች ወዲያው ይገባቸዋል።

ሰባተኛ፦ አሁን ሞናሊዛ

ሞናሊዛ ጋ የምንደርሰው ልጆቹ ጥላን በጃቸው ከነኩ በኋላ ነው። ወረቀት ላይ በከሰል ክብ ይሳሉ። ብርሃኑ ከአንድ ወገን ነው እንበል። በተቃራኒው ወገን ከሰሉን ጠቆር አድርገው ይቀቡና በጥጥ ወደ ብርሃኑ ቀስ እያሉ ያደብዝዙት። ጥቁሩ የት እንዳበቃ፣ ነጩ የት እንደጀመረ እንዳይታወቅ። ክቡ ኳስ ይሆናል። ሊዮናርዶ ከሰል ሳይሆን ስስ ስስ የዘይት ቀለም እየደራረበ ነው ይህንን የሚያደርገው። ጣሊያኖች ስፉማቶ ይሉታል፤ እንደ ጭስ ማለት ነው።

ከዚያ ሁለት አፍ ይሳሉ። አንደኛውን በጠራ መስመር፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ። ሁለተኛውን እንደዚያው ይሳሉና የአፉን ሁለት ጫፍ ብቻ በጥጥ ያደብዝዙ። የመጀመሪያው ስሜቱ ይታወቃል። ሁለተኛው ግን ይስቅ አይስቅ አይታወቅም። አሁን ሞናሊዛን አምጡና የአፏንና የዓይኗን ጫፍ አሳዩአቸው። ፈገግ ብላለች አላለችም ክርክሩ እዚያው ይነሳል።

ፍሎረንሳዊት ናት፤ ሊዛ ጌራርዲኒ ትባላለች፣ የሐር ነጋዴ ሚስት። ሊዮናርዶ ሥዕሏን የጀመረው በ1503 ገደማ ነው፣ ለባለቤቱ ግን አላስረከበም፤ ፈረንሳይ ድረስ ይዟት ሄዷል። ሸራ ላይ ሳይሆን እንጨት ላይ ነው የተሳለችው፣ መጠኗም 77 በ53 ሳንቲ ሜትር ነው። ወለሉ ላይ በጠመኔ ለኩላቸው፤ ትንሽነቷ ይገርማቸዋል። ሌብነቱንም ንገሯቸው። በኦገስት 1911 ቪንቼንዞ ፔሩጃ የሚባል ጣሊያናዊ፣ ቀድሞ ሥዕሏ ባለችበት የፓሪስ ሙዚየም በሉቭር ውስጥ የሠራ ሰው፣ ሥዕሏን ይዞ ወጣ። ሁለት ዓመት ያህል ክፍሉ ውስጥ ደብቋት ኖረ፤ ሰዉ ደግሞ ተሰልፎ ባዶውን ግድግዳ ያይ ነበር። ፍሎረንስ ላይ ሊሸጣት ሲል ተያዘ።

ስምንተኛ፦ የመጨረሻው እራት፣ በክርና በእጅ

ይህን ሥዕል ልጆቹ ያውቁታል። አያታቸው ሳሎን በፍሬም ወይም በምንጣፍ ተሰቅሎ አይተውታል። የማን እንደሆነ ግን አልተነገራቸውም። ዋናው ሥራ ሚላን፣ ሳንታ ማሪያ ዴሌ ግራጺዬ በሚባል ገዳም የመነኮሳቱ ምግብ ቤት ግድግዳ ላይ ነው። ከ1495 እስከ 1498 ገደማ የተሠራ፣ 4.6 በ8.8 ሜትር።

የታተመውን ምስል ካርቶን ላይ ለጥፉ። ክርስቶስ ራስ ላይ፣ ለእኛ በግራ በሚታየው ጎን፣ ጆሮ አካባቢ መርፌ ትከሉ። ሊዮናርዶም እዚያው ቦታ ሚስማር መትቶ ነበር፤ ቀዳዳው ተገኝቷል። ከመርፌው ክር እየዘረጋችሁ በጣሪያው መስመሮችና በግራና ቀኝ ግድግዳ በላይኛው ጠርዝ ላይ አስተኙ። መስመሮቹ ሁሉ ወደ አንድ ቦታ ይሰበሰባሉ። ዓይናችን ሳያውቀው ወደ ክርስቶስ የሚሄደው ለዚህ ነው።

ቀጥሎ ይሁዳን ይፈልጉ። ቤተ ክርስቲያን ሥዕል አይቶ ያደገ ልጅ በእኛ አሳሳል ክፉ ሰው በጎን፣ በአንድ ዓይን እንደሚሳል ያውቅ ይሆናል። እዚህ ያ ዘዴ አይሠራም፤ በጎን የሚታየው ሰው ብዙ ነው። እጆቹን ተመልከቱ በሏቸው። አንዱ ከረጢት ጨብጧል፣ ወደ ኋላ ሸሸት ብሏል፣ ፊቱም ጥላ ውስጥ ነው። አገኙት።

ከዚያ ትወናው። ሐዋርያቱ ሦስት ሦስት ሆነው በአራት ቡድን ተቀምጠዋል። ልጆቹ ሦስት ሦስት ይሁኑ፣ ካልበቁ እናትና አባት ይግቡ። አንድ ሰው "ከእናንተ አንዱ አሳልፎ ይሰጠኛል" ሲል ሁሉም ያለ ድምፅ፣ በእጁና በፊቱ ብቻ ይመልስና ደርቆ ይቅር። ፎቶ አንሱ። ፎቶውን እያዩ የአንድ ሰው እጅ ብቻ ይሳሉ።

ሥዕሉ ለምን እንደተበላሸም ንገሯቸው። በጊዜው የግድግዳ ሥዕል የሚሠራው ልስኑ ሳይደርቅ በፍጥነት ነው። ሊዮናርዶ ደግሞ መቸኮል አይሆንለትም። ስለዚህ በደረቅ ግድግዳ ላይ ሣለ፤ ቀለሙ ብዙም ሳይቆይ መላላጥ ጀመረ። በ1652 በሥሩ በር ሲከፈት የክርስቶስ እግር ተቆርጦ ቀረ። በ1943 የአየር ድብደባ ጣሪያውን አፈረሰው፣ በአሸዋ ከረጢት የተደገፈው ግድግዳ ግን ቆመ። ጥገናው ከ1978 እስከ 1999 ፈጀ።

ሲሠሩ የሚያጋጥም

ሊዮናርዶ ሄሊኮፕተር ፈጠረ፣ ታንክ ፈጠረ እያላችሁ አታጋኑ። አብዛኛው ንድፍ በወረቀት ነው የቀረው። ልጅ ነቃ ሲል "ታዲያ በረረ?" ይላል፤ ያኔ ማፈር ይመጣል። አሰበ፣ ነደፈ ማለት ይበቃል።

ያልተጨረሰ ሥዕል ላይ አትጨቃጨቁ። ይህ ሰውዬ ራሱ የጀመረውን በመተው የታወቀ ነበር። ለሚላን የታሰበውን ግዙፍ የነሐስ ፈረስ በጭቃ ሞዴል አድርሶት ሳለ ነሐሱ ለመድፍ ተወሰደበት፤ በ1499 ሚላንን የያዙት የፈረንሳይ ወታደሮች ሞዴሉን የተኩስ ዒላማ አደረጉት። ልጆቹ ለሰውዬው አዝነው የራሳቸውን ፈረስ ከጭቃ ቢሠሩ ግሩም ነው።

ውጭ አገር የምትኖሩ ደግሞ ዕድሉ ካለ ዋናውን ሥራ አሳዩአቸው። ለንደን ናሽናል ጋለሪ በነጻ ይገባል፣ ሉቭርም ከ18 ዓመት በታች ያሉትን አያስከፍልም፤ ሞናሊዛ ፊት ያለው ግፊያ ግን ለትንሽ ልጅ አይመችም። ለዲሲ አካባቢ ልጆች ከሁሉም የሚሻለው ዋሺንግተን ናሽናል ጋለሪ ያለችው ሊዮናርዶ የሳላት ጂኔቭራ ዴ ቤንቺ ናት። መግቢያው ነጻ ነው፣ ሰልፍም የላትም። በሁለቱም ገጿ ስለተሳለች ዞሮ ማየት ይቻላል። ከፊት ከጭንቅላቷ ኋላ ጥድ አለ፤ ልጁ ከጀርባዋ የጥዷን ቅርንጫፍ ይፈልግ። የሰፋውን ደብተር ይያዝ፣ ግን ከእርሳስ ጋር ብቻ። እስክሪብቶና ቀለም ሙዚየሞች አይወዱም።